የአራት ዓመት ልጅ ቴኳንዶ ቤት ምን ትሠራለች?

አሠልጣኙ «ሃና፣ ዱል፣ ሴት» እያለ መቁጠር ሲጀምር ልጄ ሱሪዬን ሳብ አድርጋ «አባ፣ ሃና የቷ ናት?» አለችኝ። በኮሪያኛ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ማለት ነው። ለእሷ ግን ሃና የምትባል ሴት እየተጠራች ነበር፤ መልሴን እንኳ ሳትጠብቅ ሃናን በዓይኗ ትፈልግ ጀመር።

ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ያለ አንድ አዳራሽ። ከ4 እስከ 6 ዓመት የሚሆናቸው 14 ልጆች ነጭ ዶቦካቸውን (የቴኳንዶ ልብሳቸውን) ለብሰው ተሰልፈዋል፤ ሰልፍ ከተባለ። የአንዱ ቀበቶ ተፈትቶ ወለሉን ይጠርጋል። አንዷ በር ላይ የተደረደሩትን ጫማዎች ትቆጥራለች። አሠልጣኙ «ሲጃክ!» ሲል መሮጥ፣ «ጉማን!» ሲል ባሉበት መቆም ነው ትእዛዙ። በመጀመሪያው «ጉማን» 3 ልጆች ቆሙ፣ 8ቱ ትንሽ ሮጠው ቆሙ፣ የቀሩትን ግድግዳው አቆማቸው። አሠልጣኙ አልተቆጣም፤ «እንደገና» አለ። ደግሞ እንደገና። አሥረኛው ላይ ሲደርስ ግድግዳ የነካ ልጅ አልነበረም። ሩብ ሰዓት ሊሞላ ነው፤ እስካሁን አንድም ካልቾ አልተሰነዘረም።

እውነቱን ለመናገር ገንዘቤን የከፈልኩት ለካልቾው ነበር። ብዙ ወላጅም ልጁን የሚያስመዘግበው «ራሱን ይከላከል» ብሎ ነው። ጥግ ይዤ እየተቀመጥኩ ሳይ፣ ቤት ገብቼም ስለ ጉዳዩ ሳነብ የገባኝ ግን፣ በዚህ ዕድሜ ቴኳንዶም ሆነ ካራቴ ለልጅ የሚሰጠው ትልቁ ነገር ያቺ «ጉማን» ውስጥ መሆኑ ነው።

ሞተሩ ቀድሞ፣ ፍሬኑ ዘግይቶ

ሐዋሳ ውስጥ ባጃጅ የያዘ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፦ መሄድ ቀላል ነው፣ ጣጣው መቆሙ ላይ ነው። የትንሽ ልጅ አንጎልም ከዚህ አይለይም። የሚጓጓው፣ የሚናደደው፣ «ስጡኝ» የሚለው ክፍል ገና በጠዋቱ ሥራ ይጀምራል። «ቆይ እስቲ» የሚለው፣ ከግንባራችን ኋላ ያለው ክፍል ግን ቀስ እያለ ነው የሚያድገው፤ እድገቱን የሚጨርሰው ሰው ሃያዎቹን ሲያጋምስ ነው። ስለዚህ «አትንካ» የተባለውን ብርጭቆ ዓይን ዓይናችሁን እያየ የሚነካ ልጅ የግድ ባለጌ ሆኖ አይደለም። ሰምቷል፣ ገብቶታልም፤ እጁ ቀደመው።

እኛ በደፈናው «ራስን መግዛት» የምንለውን ባለሙያዎች ከሦስት ከፍለው ያዩታል። አንደኛው የመጣን ስሜት መግታት ነው። ሁለተኛው የተባሉትን እስኪሠሩት ድረስ በአእምሮ ይዞ መቆየት ነው፤ ልጁን «ጫማህን አውልቅ፣ እጅህን ታጠብ፣ ና ብላ» ብላችሁት ባንድ እግሩ ጫማ አድርጎ ማዕድ ላይ ካገኛችሁት የጎደለው ይኸኛው ነው። ሦስተኛው ደንብ ሲለወጥ አብሮ መለወጥ ነው። ጥሩ አሠልጣኝ ስሙን ባያውቀውም ሦስቱንም ያሠራል። «ጉማን» የመጀመሪያው ነው። «ግራ እግር ወደ ፊት፣ ቀኝ እጅ ቡጢ» ሁለተኛው ነው፤ ትንሽ ልጅ ግራና ቀኙን እያሰበ ትእዛዙን እንዳይረሳ ሲታገል ፊቱ ላይ ይታያል። «እስካሁን ሳጨበጭብ ትዘሉ ነበር፤ ከአሁን በኋላ ግን ሳጨበጭብ ቁጭ ትላላችሁ» ሲባል ደግሞ ሦስተኛው መጣ፤ ሳቁም የሚደምቀው እዚህ ላይ ነው።

ለነገሩ የእኛ ልጆች ይህን ያለ ዶቦክና ያለ ቀበቶ ሲለማመዱት ኖረዋል። ኩኩሉን አስቡት። ዓይኑን የጨፈነው ልጅ «ኩኩሉ» ይላል፣ «አልነጋም» ይሉታል፤ እስኪነጋ ድረስ በጣቶቹ መሃል እንኳ ማየት ክልክል ነው። ለአራት ዓመት ልጅ ከዚህ የከበደ ሥራ አላውቅም። ሰኞ ማክሰኞም ያው ነው፦ በአንድ እግር እየዘለሉ መስመር አለመርገጥ፣ ተራ መጠበቅ፣ ሲረግጡ ደግሞ መውጣት። ዛሬ ግቢው በተከራይ ተሞልቶ፣ ደጁን ባጃጅ ወስዶት፣ የቀረውን ሰዓት ስልኩ ስለያዘው ነው በክፍያ ወደ አዳራሽ መሄዱ የመጣው። ይህን ቅር እያለኝ ነው የምለው።

ጥናት አለ ወይ?

አለ፤ ነገር ግን ማስታወቂያዎች እንደሚሉት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ኪምበርሊ ሌክስና ዊሊያም ሆይት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ነው። በአንድ ትምህርት ቤት ከኬጂ እስከ 5ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎችን ክፍል በክፍል በዕጣ ለሁለት መደቧቸው፤ ግማሾቹ የተለመደውን የስፖርት ክፍለ ጊዜ ቀጠሉ፣ ግማሾቹ በምትኩ ቴኳንዶ ተማሩ። ከሦስት ወር በኋላ የቴኳንዶዎቹ ልጆች ራስን በመግዛት፣ በክፍል ውስጥ ጠባይና የሂሳብ ስሌትን በቃል በመሥራት ከሌሎቹ የተሻለ ለውጥ አሳዩ። ለውጡ በአንዳንዱ መለኪያ በወንዶቹ ላይ ጎልቶ ነበር።

እኔን የሳበኝ ግን ውጤቱ ሳይሆን እነዚያ ልጆች ራሳቸውን እንዲጠይቁ የተማሯቸው ሦስት ጥያቄዎች ናቸው፦ የት ነኝ? ምን እየሠራሁ ነው? መሥራት ያለብኝስ ምንድን ነው? ይህ ያለበት ቴኳንዶና ይህ የሌለበት ቴኳንዶ አንድ ዓይነት ትምህርት አይደሉም።

ልብ በሉ፣ የጥናቱ ትንንሾቹ የኬጂ ልጆች ናቸው። የ3 ዓመት ልጅ ላይ ይህ ውጤት ይደገማል ብሎ ቃል የሚገባ ክለብ ካጋጠማችሁ ከጥናቱ በላይ እየተናገረ ነው። በእኔ ዓይን ለ3 ዓመት ልጅ ወላጁ አጠገቡ ሆኖ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ የሚፈጅ ጨዋታ ይበቃዋል። ሰልፍና ተራ ትርጉም የሚሰጡት ከ4 እና ከ5 በኋላ ነው።

«ጠበኛ ልታደርጋት ነው?»

ጎረቤታችን ያሉ አንድ እናት ልጄን በዶቦክ ሲያዩ «አንተ ልጅ፣ ይቺን ሕፃን ጠበኛ ልታደርጋት ነው? ደግሞ ሴት ልጅ እርግጫ ምን ይሠራላታል?» አሉኝ። «እማማ፣ መቆም ነው የሚያስተምሯት» ብላቸው «መቆምማ ያለ ክፍያም ትቆማለች» ብለው ሳቁብኝ። የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ግን የሚሳቅበት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1986 ማይክል ትሩልሰን የተባለ ተመራማሪ ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆኑ፣ ጥፋት ውስጥ የገቡ ወንዶች ልጆችን በሦስት ቡድን አየ። አንዱ ቡድን ቴኳንዶን ከነሥነ ሥርዓቱ ተማረ፦ አክብሮቱ፣ እርጋታው፣ ምክሩ ሁሉ ያለበት። ሌላው መደባደቡን ብቻ ተማረ። ሦስተኛው ሩጫና ቅርጫት ኳስ ተጫወተ። ከ6 ወር በኋላ የመጀመሪያዎቹ ቁጣቸው ቀነሰ፤ መደባደብ ብቻ የተማሩት ግን ከነበሩበት ባሱ። ቡድኖቹ ትንንሽ ናቸው፣ ልጆቹም ከእኛዎቹ በጣም ይተልቃሉ፤ ሆኖም የጎረቤቴን ጥያቄ የሚመልስ ነገር አለው። ካልቾው ያው ካልቾ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው አብሮት የተማሩት ነገር ነው።

ቤት ውስጥም እንዲሁ ነው። ልጅ ከክፍል ሲመለስ ታናሽ ወንድሙ ላይ ይሞክረዋል፤ አይቀርም። እኛ ቤት ደንቡ አንድ ነው፦ ካልቾ አዳራሽ ውስጥ ነው፣ ለፓድ፣ አሠልጣኙ ለሚይዘው የመምቻ ትራስ ብቻ ነው። አሠልጣኙም ይህንኑ ደጋግሞ ሲናገር ሰምቼዋለሁ፤ ልጄ የእኔን ቃል ትረሳለች፣ የማስተርን ግን አትረሳም። ወላጅ ሆኖ ይህን መቀበል ትንሽ ይጎመዝዛል።

«ራሱን ይከላከል» የሚለውንም እዚሁ ልጨርሰው። የ4 ዓመት ልጅ 16 ኪሎ ገደማ ነው። የትኛውም ቡጢ ከአዋቂ አያድነውም፤ ያድነዋል ብሎ የሚነግራችሁ ሰው ልጁን በውሸት ልበ ሙሉ እያደረገው ነው። በዚህ ዕድሜ የሚጠቅመው መጮህ፣ መሮጥና ለሚያምኑት ሰው መናገር ነው። መጮሁን ግን ክፍሉ ያስተምራል። «ኪሃፕ» የሚሉት ጩኸት አለ፤ ከሆድ ይወጣል። በእኛ ቤት ጨዋ ልጅ የሚባለው ድምፁ የማይሰማው ነው፣ ሴት ስትሆን ደግሞ ይበልጡን። ልጄ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ «አልሰማሁሽም፣ ጩኺ!» ስትባል ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። ፈቃድ ነበር የምትጠይቀው። ራሴን ነቀነቅኩላት።

አካሉስ?

አንድ ካልቾ ለመሰንዘር ሌላው እግር ብቻውን መቆም አለበት። የ3 ዓመት ልጅ በአንድ እግሩ የሚቆመው አንድ ሁለት ሰከንድ ነው፤ 5 ዓመት ሲሞላው ወደ 10 ሰከንድ ይጠጋል። ስለዚህ በዚህ ዕድሜ የሚታየው እያንዳንዱ ካልቾ፣ ወድቆ መነሳትም ቢሆን፣ የሚዛን ልምምድ ነው። ጁዶ ከሆነ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው አወዳደቅ ይማራሉ፤ ጭንቅላትን ከመሬት አርቆ መውደቅ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ትምህርት ነው።

ነገር ግን ሂሳቡን እንሥራው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት፤ ከዚህ ውስጥ 60ው ቁና ቁና የሚያስተነፍስ ይሁን ይላል። ስክሪን ፊት መቀመጥ በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ፣ እንቅልፍ ከ10 እስከ 13 ሰዓት ይሁን ብሎ ይጨምራል። 180 በ7 ቀን ሲባዛ 1,260 ደቂቃ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ 40 ደቂቃ የምትማር ልጅ ያገኘችው 80 ደቂቃ ነው። ተራ መጠበቂያውን ስትቀንሱለት ደግሞ ያንሳል። የቀረው 1,180 ደቂቃ ከግቢው፣ ከጉዱማሌ ሜዳ፣ ከሐይቅ ዳር መምጣት አለበት። ልጁን ቅዳሜ ቴኳንዶ አድርሶ የሳምንቱን ቀሪ ስልክ ላይ የሚያሳልፍ ቤት ራሱን እያታለለ ነው። እኔም አንዳንድ ሳምንት እንዲሁ ነኝ።

እዚህ ላይ እምቢ በሉ

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ሪፖርት ልጆች በአካልም በስሜትም እስኪበስሉና ያለ ንክኪ የሚሠራውን በደንብ እስኪይዙ ድረስ ንክኪ ያለበት ልምምድና ውድድር ይዘግይ ይላል። ለኬጂ ልጅ ሲተረጎም፦ ፍልሚያ የለም፣ ወደ ጭንቅላት የሚሰነዘር ነገር ጭራሽ የለም። «የጭንቅላት መከላከያ እናደርግላቸዋለን» ቢሏችሁም መከላከያው አንጎል ውስጥ ከሚደርስ መናጋት እንደሚያድን የሚያሳይ አጥጋቢ ማስረጃ የለም። ሕፃን ልጅ ከአካሉ አንጻር ጭንቅላቱ ትልቅ፣ አንገቱ ደካማ ነው።

ሁለተኛው ስፕሊት ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ከዚህ በፊት ልጄን ልናስመዘግባት የሄድንበት ሌላ ክለብ አንድ ረዳት አሠልጣኝ 5 ዓመት የማይሞላውን ልጅ እግሮቹን ከፍቶ ትከሻውን ወደ ታች ሲጫነው አየሁ። ልጁ ያለቅሳል፣ ረዳቱ «ጎበዝ፣ ቻለው» ይለዋል፣ እናቱ በር ላይ ቆማ ፎቶ ታነሳለች። የልጅ አጥንት የሚያድገው ጫፎቹ አካባቢ ባለ፣ ገና ባልጠነከረ ክፍል በኩል ነው። ያ ክፍል ከአጥንቱም ከጅማቱም ይልቅ ለጉዳት የቀረበ ነው፤ ክፉኛ ከተጎዳ እድገቱን ሊያዛባው ይችላል። ትንሽ ልጅ በተፈጥሮው ተለማጭ ነው፣ የሚጫነው ሰው አያስፈልገውም። እኛ ያን ቀን ሳንመዘገብ ወጣን።

የቀረው ለዓይን ግልጽ ነው። ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ ነው ወይስ ማት አለው? ዱላ የያዘ አሠልጣኝ አለ? ያጠፋን ልጅ በጡጫው ፑሽአፕ ያሠሩታል? ውሃ መጠጫ ሰዓት አለ? ወላጅ ገብቶ መቀመጥ ይችላል? ይህ የመጨረሻው ለድርድር አይቀርብም። በሩ የሚዘጋ፣ «ወላጅ ሲኖር ልጁ አያተኩርም» የሚል ቦታ ላይ ልጅ አይተውም።

የትኛው ስፖርት ይሻላል ለሚለው ብዙ አልደክምም። ሐዋሳ ላይ በቀላሉ የምታገኙት ቴኳንዶ ነው፤ ሰለሞን ቱፋ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ ከተወዳደረ ወዲህ ደግሞ ስሙን የማያውቅ ቤት ጥቂት ነው። በዚህ ዕድሜ የስፖርቱ ዓይነት ከአሠልጣኙ ትዕግሥት በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ስለ ማጎንበሱና ስለ ቀበቶው

አንዳንድ ወላጆች የሚያመነቱት ልጆቹ ሲገቡና ሲወጡ ስለሚያጎነብሱ ነው። ከሃይማኖታችን ጋር አይጋጭም ወይ ይላሉ። በቴኳንዶ ትርጉሙ ሰላምታና አክብሮት ነው፤ እኛ ታላቅ ፊት ዝቅ ብለን እጅ እንደምንነሳው ማለት ነው። ልቡ ያልፈቀደለት ወላጅ ግን አስቀድሞ አሠልጣኙን ያነጋግር፤ እኛ ክፍል እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሰላምታ የምትሰጥ ልጅ አለች፣ ማንም ምንም አላላትም።

ቀበቶን በተመለከተ፣ የጥቁር ቀበቶ ልማድ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1882 ጁዶን ከመሠረቱት ከጂጎሮ ካኖ ነው፤ ባለ ብዙ ቀለሙ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ እ.ኤ.አ. በ1966 ባቋቋሙት ዓለም አቀፍ የቴኳንዶ ፌዴሬሽን ሥርዓት ነጩ ገና ምንም ያላወቀ ጀማሪ ነው፣ ቢጫው ተክል ሥር የሚሰድበት መሬት፣ አረንጓዴው የተክሉ ማደግ፣ ሰማያዊው ተክሉ የሚያቀናበት ሰማይ፣ ቀዩ አደጋ ማለት ነው፤ ተጠንቀቅ ይላል። ጥቁሩ የነጩ ተቃራኒ ነው። ለልጅ ደስ የሚል ተረት ይወጣዋል። ለወላጅ ግን እያንዳንዱ ቀለም የፈተና ክፍያ ስላለው ከመመዝገባችሁ በፊት በዓመት ስንት ፈተና እንዳለ ጠይቁ። የ5 ዓመት ልጅ በየሁለት ወሩ ቀበቶ የሚቀይርበት ቤት ልብስ መሸጫ ነው።

ክፍያው ለከበደው

ቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር ልንገራችሁ፤ ገንዘብ አይጠይቅም። ልጁን ፊት ለፊታችሁ አቁሙትና «ራስህን ንካ ስልህ እግርህን ንካ፤ እግርህን ንካ ስልህ ራስህን ንካ» በሉት። አሜሪካ ውስጥ ልጆች ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት ራሳቸውን የመግዛት አቅማቸው ከሚለካባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ጨዋታ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሁሉም ይሳሳታል፣ እናንተም ጭምር። ሲለምደው ትከሻና ጉልበት ጨምሩበት። ከዚያ ዳኝነቱን ለእሱ ስጡት፤ እናንተ ስትሳሳቱ ሲይዛችሁ ያለው ደስታ ሌላ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ልጄ «አልሄድም» አለች። ለምን ብላት «ሃና አልመጣችም» አለችኝ። አልጎተትኳትም። ሁለት ቅዳሜ አሞራ ገደል ሄድን፣ ዓሣ በላን፣ እነዚያን መላጣ ረጃጅም አሞራዎች አየን። በሁለተኛው ቅዳሜ አንዱን አሞራ እያባረረች ወደ ውሃው ጠርዝ ስትሮጥ ስሟን ሁለት ጊዜ ጠራሁ፤ አልሰማችኝም። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ «ጉማን!» ብዬ ጮህኩ። ሁለት እርምጃ ጨምራ ቆመች። ዓሣ የሚያጥበው ልጅ ቀና ብሎ አየኝ። እሷ ዞር አለችና ወደ ኋላ ተመልሳ መነሻዋ ላይ ቆመች።

«እንደገና» አለችኝ።